የማይደክመው የኃላፊው ሳጥን

ለተከበሩ የሰፈራችን የአደጋ ጥሪ አገልግሎት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ሳጥንዎ ባትሪ የማይጎድል ይሁን እያልኩ፣ አጥር የምንጋራው እኔ ልብስ ሰፊዋ ይህን በታላቅ ትሕትና እጽፋለሁ። በየቤታችን ግድግዳ የሰቀሉልን ሳጥኖች አንዱ የሌላውን ጥሪ በአየር እየተቀባበሉ ከዳገቱ ጫፍ እስከ ክሊኒኩ እንደሚያደርሱ በስብሰባ ስላስረዱን እናመሰግናለን።

አንደኛ፣ የኔ ሳጥን ባትሪ በየሳምንቱ ሲያልቅ የእርስዎ ከተሰቀለ ጀምሮ አንዴም አለመቀየሩን ሳይ፣ የእጅዎ በረከት ይሆናል ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬ ነበር።

ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከኔ ቤት በላይ ብቻቸውን የሚኖሩት አስም ያለባቸው አጎቴ ትንፋሽ አጥሯቸው የሳጥናቸውን የጥሪ ቁልፍ ተጫኑ። ጥሪያቸውን የሚያሳልፈው የኔ ሳጥን ግን ሞቶ ነበር፤ እኔም ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ደጃፋቸው ላይ ተደፍተው አገኘኋቸው። ክሊኒክ ገብተው ነፍስ ሲዘሩ የመጀመሪያ ቃላቸው «ልጄ፣ ብጫን ብጫን መልስ ሳጣ ሁላችሁም ያለቃችሁ መሰለኝ» የሚል ነበር። ተርፈዋል፤ ይህንንም በሪፖርትዎ የአገልግሎቱ ውጤት አድርገው እንደሚያሰፍሩት አልጠራጠርም።

ሦስተኛ፣ ፋዝ የምንለው ቴክኒሻንዎ መጥቶ «እትዬ፣ ጥሪው አጭሩን መንገድ ነው የሚመርጠው፤ ባትሪው ይድከም አይድከም አያይም» አለኝ። የኃላፊው ቤትስ ከኔ እኩል ለክሊኒኩ ቅርብ አይደለም እንዴ ብዬ ብጠይቀው፣ ዓይኑን ከመፍቻው ሳያነሣ «የሳቸው የሰው ጥሪ አይሸከምም፤ የራሳቸውንም ለእትዬ ሳጥን አሳልፎ ያርፋል። እንዲህ አድርገህ ግጠም ተብዬ ነው» አለ። ማን እንዳዘዘው አልነገረኝም፤ እኔም ተጠራጣሪ እንዳልባል ስም አልጠራሁም።

ስለዚህ ጎረቤቶች ተሰብስበን፣ ጥሪው ብዙ ባትሪ በቀረው ሳጥን በኩል እንዲያልፍና ሸክሙ ለሁሉም እንዲዳረስ ጠየቅን። ፋዝም የሁላችንን ሳጥን በአንድ ቀን አስተካከለ። የእርስዎን ለመንካት ግን ፊርማዎ ያስፈልጋል ስለተባለ፣ ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ በትዕግሥት እየጠበቅን ነው።

የሥራ ብዛትዎ ቀለል እንዲልልዎ፣ ብዕርዎም ከጠፋበት እንዲገኝ ከልብ የምመኝ፣

ሳልጠየቅ ሸክምዎን የተሸከምኩ ጎረቤትዎ
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ፋዝ የሳጥኔን መዝገብ ከፍቶ አሳይቶኛል። በዚያች ማክሰኞ ጠዋት ባትሪዬ ከማለቁ በፊት ያሳለፋቸው የመጨረሻ ጥሪዎች ከእርስዎ ቤት የተነሡ ናቸው። «ለሙከራ» ይላል፤ አሥራ አንድ ጊዜ።