የረቡዕ ፈታዮች ከበሮ

ጎረቤላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1978
ረቡዕ። አስተምሬ ከክፍል ስወጣ ጥጥ ፈታዮቹ እንደ ልማዳቸው እኔ ቤት ተሰብስበዋል። ኩብራም ከቆላ ከአልዩ አምባ ጥጥ ይዛ ወጥታ ነበር፤ ሸጣ እዚያው ቁጭ አለች። እትዬ ቦሰና እንዝርቷን እያሾረች ሙሾ አወረደች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። በአምናው ድርቅ ልጅ ያልቀበረች የለችም መሰለኝ... እትዬ ቦሰና ሁለት ቀብራለች። የቀራት ልጇ አበባው ብቻ ነው። "እዚህ ካለቀስኩ ቤቴ ስገባ እህል ይወርድልኛል" አለች።

አውራጃው ለገጠር ኪነት ድጋፍ ይሰጣል አሉ። እኛም ኪነት ነን ብለን ጥጥ ብንጠይቅስ? ምን ይጎዳናል?

ታኅሣሥ 9
ድጋፉ መጣ። ጥጥ፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ ትልቅ ከበሮ። ከበሮ አልጠየቅኩም ነበር። ግን ደስ አለን፣ ምን እዋሻለሁ። ቀሚሱ እትዬ ቦሰናን አጠራት፣ ስንስቅ አመሸን።

ጥር 7
የወረዳው ካድሬ ጓድ ታመነ መጣ። ሳይቀመጥ፦ "ድጋፉ የተሰጠው የሕዝቡን ሞራል እንድታነሡ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ትሸኛላችሁ።"
"እኔ ከሙሾ በቀር ዜማ አላውቅም ጌታዬ" አለች እትዬ ቦሰና።
"ግጥሙን አስተማሪዋ ትለውጠዋለች።"

ለወጥኩት። እናት አገር፣ ጀግና፣ ድል... ዜማው ያው ሙሾው ነው። ኩብራ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። "አስተግፊሩላህ። በቁሙ ላለ ሰው ይለቀሳል? ሟርት ነው እኮ።"

የካቲት 9
ሽኝት። እትዬ ቦሰና ገና አንድ ስንኝ ስታወጣ እናቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። መኪናው ላይ ያሉት ልጆች አንገታቸውን ደፉ። የለወጥኩትን ቃል ማን ሰማው? አለቀልን፣ ዛሬ እንታሰራለን ብዬ ነበር። ጓድ ታመነ ግን እጄን ጨበጠኝ። "እንዲህ ሕዝብ የሚያነቃንቅ ኪነት አላየሁም። በየሽኝቱ ትቀርባላችሁ።"
ምነው ባሰረን።

የካቲት 12
ከበሮውን ልመልስ ጓድ ታመነ ዘንድ ሄድኩ። "አብዮቱ የሰጠው ይመለሳል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ከእግር እስከ ራሴ አየኝ... ሁለተኛ አላነሣሁም። ፈሪ ነኝ።

መጋቢት 17
ኩብራ ቀረች። ሌሎቹም አንድ አንድ እያሉ። ከበሮው ሲመታ ሰው ልጆቹን ወደ ቆላ ያሸሻል አሉ። ድሮ በሬን ሳያንኳኩ ይገቡ የነበሩት መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። እኔም ብሆን እሻገራለሁ።

ሚያዝያ 3
አበባው ተመለመለ። የኪነት አባል ልጅ ነው፣ የቀራት እሱ ብቻ ነው ብዬ ጓድ ታመነን ለመንኩት። "የሰው ልጅ እየሸኘች የራሷን ልትደብቅ?" አለኝ። እትዬ ቦሰናን አንቺ ቅሪ፣ እኔ ልዝፈን አልኳት።
"አንቺ ልጅ፣ ልጄን ሌላ ሰው አያለቅስልኝም።"

ሚያዝያ 8
ረቡዕ። የመጣችው እትዬ ቦሰና ብቻ። እሑድ ዕለት አበባው መኪናው ላይ ሆኖ እያለቀሰ ሲያያት፣ ዜማውን ሳታዛንፍ እስከ መጨረሻው አወረደችው። ዛሬ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች፣ አላሾረችውም።
"ትንሽ አትዪም እትዬ? ይቀልልሻል።"
"ምኑን ልበል? ለሱ የነበረኝን እሑድ ጨረስኩት። ነገ መርዶው ቢመጣ በምን አለቅሳለሁ?"

ጥጡን ሳትነካው ሄደች። የፊታችን እሑድ ሰላ ድንጋይ ሽኝት አለ። ከበሮውን የምሸከመው እኔ ነኝ።