ወይን የማይቀዳበት ቤት ፍለጋ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 3

ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ የመነጽር ብሎን ሳጠብቅ ዋልኩ። አንዱ ደንበኛ መነጽሩ ላይ ተቀምጦበት ኖሯል… "ራሱ ነው የተጣመመው" ይለኛል። እሺ፣ ይሁንልህ። አሙቄ አቃናሁለት።

ከሥራ በኋላ ሰውዬውን አገኘሁት። ባሌን ማለቴ ነው። የቀድሞ ባሌን… አፌ እስካሁን አልለመደውም። ተስማምተን ከተለያየን ወራት አለፉ፤ የቀረን ፊርማውና የዕቃው ክፍፍል ነው። ለዚሁ ብለን ወይን ቤት ተቀጣጠርን። ስሕተት!

ባለቤቱ ገና ከበሩ እጁን ዘርግቶ መጣ። "ዶክተር! እሰይ፣ ታረቃችሁ!" የድሮው ጠረጴዛችን፣ የድሮው ጠርሙሳችን። ሰውዬው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ በዚህ ከተማ ውሻው ወይ ድመቱ በእሱ መርፌ ያልተወጋበት ሰው የለም። ወይን የማያውቅ ሰው ደግሞ ጭራሽ አልተወለደም። ውሃ ብታዝዝ "የየትኛው ዓመት?" የሚልህ ከተማ ነው።

ከምንከፋፈለው ዕቃ ገና ፍሪጁ ጋ ሳንደርስ ሦስት ሰዎች ወንበር ስበው ተቀላቀሉን። እሱም ዘንድሮ ዝናብ ስለመታው ወይን ማውራት ጀመረ። ከአፉ ማር ጠብ ይላል። እነሱ አፋቸውን ከፍተው… እኔ ሰዓቴን እያየሁ…

ፍሪጁ እንዳለ አለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 4

ደወልኩለት።

"ሰው የማያውቀን ቦታ እንገናኝ።"

"በዚህ ከተማ?"

"ወይን የማይቀዳበት። ኮክቴል ቤት።"

"ኮክቴል?" አለኝ፣ ላም በግ ወለደች የተባለ ይመስል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10

የመጀመሪያው ቤት። በሩ ላይ በአምፖል "ኮክቴል" ተብሎ ተጽፏል። ያመጡልን ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቀይ ወይን በሶዳ! ላዩ ላይ የብርቱካን ቁራጭ ተንሳፍፏል።

"ኮክቴል ማለት ይሄ ነው?" አልኩት አስተናጋጁን።

"ሁለት ነገር ከተቀላቀለ ኮክቴል ነው፣ እትዬ።"

በዚህ ስሌት የእኛም ትዳር ኮክቴል ነበር። ሶዳው ማን እንደነበረ ግን አልተስማማንም።

ፍሪጁን እኔ ወሰድኩ። የመጻሕፍት መደርደሪያውን እሱ። ሳንጣላ… ይገርማል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 17

ሁለተኛው። የሆቴል ምድር ቤት። መጠጡ ሰማያዊ ነው፤ ላዩ ላይ የወረቀት ጃንጥላ ተተክሎበታል። ሊዘንብብን ነው? ቀመስኩት… የሳል ሽሮፕ ነው እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። ሰውዬው አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ይሄን ነገር አውቀዋለሁ" አለ። "ለውሻ ነው የምሰጠው። ለትል።"

ሳቅ አፈነኝ። እሱም ሳቀ፣ ያቺን በአፍንጫው የምትወጣዋን ሳቅ። መቼ ነበር መጨረሻ የሰማኋት? ወይን ቤት ሲስቅ ለጠረጴዛው ሁሉ ነው። ይቺ ግን የቤት ሳቅ ነበረች፣ ያኔ ልጃችን ሳትወለድ…

መጋረጃውን ማንም አልፈለገም።

እሑድ፣ ጥቅምት 20

ልጃችን ከምትማርበት ከተማ ደወለች።

"እህ፣ በዚህ ሳምንትስ ምን ተከፋፈላችሁ?"

"መጋረጃ።"

"ባለፈውስ?"

"ፍሪጅ።"

"እማዬ፣ ሰው ይሄን በአንድ ቀን ነው የሚጨርሰው። እናንተ እየተፋታችሁ ነው ወይስ እየተጠናናችሁ?"

ስድ! ግን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ ማንን እከሳለሁ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 24

ሦስተኛው ቤት። ቀጂው ጺሙን በቅባት ያሾለ ጎረምሳ ነው። ስለ በረዶ ማስረዳት ጀመረ። በረዶው እንዴት እንደሚረጋ፣ እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ለምን እንደማይቀልጥ… አስረድቶ ሲጨርስ ቀልጦ አገኘነው።

ሰውዬው ፊቱ ተኮሳተረ። እሱን የሚያስንቅ ወሬኛ ገጥሞት አያውቅም።

"አሁን ገባህ?" አልኩት እየሳቅሁ። "ሃያ ዓመት እንዲህ ነበር የተቀመጥኩት።"

ለቀልድ ነበር… መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀም። እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ መሬት መሬቱን እያየ ሄደ። ከዚያ፣

"እንዲህ ነበርኩ?"

"ምን?"

"እንዲህ… አሰልቺ?"

"አሰልቺስ አልነበርክም። ለሌላ ሰው ነበር የምታወራው። ቤት ስትገባ ወሬህ ያልቃል።"

አውቶቡሱ መጣ። ምናለ ትንሽ ቢዘገይ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 1

አገኘነው!

ከቁልፍ ቀራጩ ጀርባ፣ በጠባብ ደረጃ ወደ ላይ። ምልክት የለውም። ጥቂት ወንበር፣ አንድ ረጅም እንጨት፣ ጸጥታ። ባርማኑ ሴት ናት፤ ጸጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ቃል የምትቆጥብ። ሜኑ የላትም። "ምን ይወዳሉ?" አላለችኝም።

"ምን ይጠላሉ?" አለችኝ።

"ጣፋጭ።"

ወደ እሱ ዞረች። አፉን ከፈተ… ስለ ወይን ሊጀምር ነው ብዬ ተሳቀቅሁ። ዘጋው። "ሰማያዊ ነገር" አለ።

ለእኔ ጂን በሎሚ፣ የሆነ ቅጠል በእጇ መታ አድርጋ ጣል አደረገችበት። በጣም ከመቀዝቀዙ የተነሳ ግንባሬ ድረስ ተሰማኝ። ጎምዛዛ፣ ጥርት ያለ… እስከ ዛሬ የት ነበርክ አልኩት፣ መጠጡን። ለእሱ ጥቁር መራራ ነገር ሰጠችው። ዓይኑን ጨፈነ።

"እንዴት ነው?"

"አላውቅም" አለኝ።

ዶክተር "አላውቅም" ሲል ሰማሁ! በሕይወት ኖሬ ይሄንን ሰማሁ።

ባርማኗ ብርጭቆ እየወለወለች፣ "ገና መተዋወቃችሁ ነው አይደል?" አለች።

ተያየን።

"አዎ" አለ እሱ፣ "ገና ነው።"

ለምን አላረምኩትም? ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ የምሩን ይመስል፣ "ሥራሽ ምንድን ነው?" አለኝ። መነጽር ነው አልኩት። "ከሥራሽ ምኑ ደስ ይልሻል?" ሃያ ዓመት ሙሉ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኩት። ሰው አዲሱን መነጽር አድርጎ በመስኮቱ ሩቅ ሲያይ፣ ያ የተጨማደደ ፊቱ የሚፈታባትን ቅጽበት… የሩቁን ሱቅ ጽሑፍ እንዴት እንደሚያነብ፣ እንዴት ለብቻው ፈገግ እንደሚል። ሰማኝ። የታመመ እንስሳ ደረት ሲያዳምጥ አንገቱን እንደሚያዘነብለው አዘንብሎ።

ስለ ዕቃ አንድም ነገር አላነሳንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 8

እዚያው ቤት። ዛሬ የቀረን ካውያው ብቻ ነው። የተቃጠለው ካውያ! ከዓመት በፊት መጣል የነበረበት። እሱ ይገባኛል አለ፣ እኔም ይገባኛል አልኩ። ሁለት ብርጭቆ እስኪያልቅ ተከራከርን። ውሃ ወቀጣ። በመጨረሻ ለቀቅሁለት።

"ገመዱስ?" አለኝ።

"አብሮት ነዋ።"

"አይ፣ ገመዱን በሚቀጥለው ሳምንት ለብቻው ብንነጋገርበት…"

ባርማኗ ጀርባዋን ሰጥታን ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ሰኞ፣ ኅዳር 12

ጠበቃዋ ወረቀቱ ደርሷል ብላ ጠራችን። ሄድን። ፈረምኩ። እሱም የመድኃኒት ማዘዣ በሚጽፍበት፣ ማንም በማያነበው ጽሑፉ ፈረመ። ይሄንን ሰው አልፈታሁትም ብል በዚህ ፊርማ ማንም አይመሰክርብኝም።

ውጭ ይዘንባል። ከታዛው ሥር ቆምን።

"እንግዲህ…"

"እንግዲህ።"

"ቤቱስ?" አለኝ።

"ቤቱማ ተሸጠ እኮ።"

"ያኛው። ከቁልፍ ቀራጩ ጀርባ ያለው።"

እውነትም። እሱን አልተከፋፈልንም። ሁለታችንም እንፈልገዋለን፤ በየጊዜው እየተገጣጠምን መተፋፈር ደግሞ… ስለዚህ ቀኑን ተካፈልን። ማክሰኞ የእሱ፣ ሐሙስ የእኔ። እንደ ትልቅ ሰው። ተጨባበጥን።

አውቶቡስ ውስጥ መነጽሬን ጉም ሸፈነው። ዝናቡ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15

የእኔ ቀን። ብቻዬን ሄድኩ።

"ዛሬ ብቻዎን ነዎት?" አለችኝ ባርማኗ።

"ተፋታን።"

"ውይ! ገና ሳትጋቡ?"

ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ፍሪጁን፣ ካውያውን፣ ሃያውን ዓመት። መጀመሪያ አዘነች። ቀጥሎ መበጥበጫውን አስቀምጣ ሳቀች። ቀጥሎ ደግሞ ድምጿን ቀንሳ፣

"ማክሰኞ እሳቸው መጥተው ነበር" አለችኝ። "እርስዎ የሚጠጡትን አዘዙ። አልወደዱትም። ፊታቸውን እያጨማደዱ ጨረሱት።"

ምን ልበል? ሎሚ እንደማይስማማው እያወቀ…

ሐሙስ፣ ኅዳር 22

መጠጡ ግሩም ነበር። ግሩም ነው ብዬ የምነግረው ሰው ግን አልነበረም።

እሑድ፣ ኅዳር 25

ልጄ ደወለች። "አባትሽ ደህና ነው?" አልኳት። "አንቺ ጠይቂው፣ ስልኩ አልተቀየረም" ብላ ዘጋችው። ስድ ነች አላልኩም?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 27

የእሱ ቀን ነው። አውቃለሁ።

ሱቁን ስዘጋ እግሬ ወደ አውቶቡሱ አልሄደም። ከቁልፍ ቀራጩ ጀርባ ያለው ደረጃ መሃል ላይ ቆሜ ተመለሺ፣ ምን ልትዪው ነው፣ ውል ውል ነው… እያልኩ ራሴን ስመክር፣ አንድ ሰውዬ ከኋላዬ "ይለፉ እንጂ!" ብሎ ጮኸብኝ። አለፍኩ።

ጥግ ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱ አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ነው። አየኝ።

"ዛሬ ማክሰኞ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"የረሳነው ዕቃ አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

"ጠምቶኝ ነው።"

ካፖርቱን አነሳ። ባርማኗ በድንገት በረዶ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባች፣ በረዶው ፊቷ ተቆልሎ እያለ።

በዝቅተኛ ድምፅ፣ ብርጭቆውን እያየ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ያረጀ ውሻ እንዳስተኛ ነገረኝ። የማይነቃ እንቅልፍ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ማሰሪያውን ይዘው አልወጣም ብለው ቆሙ አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ቤት ይዞ ገብቶ አያውቅም ነበር። ስንቱን ጠዋት ብቻውን ውጦት ኖሯል? ምን አደረግክ አልኩት። "ወንበር አመጣሁላቸው" አለኝ። "አብሬያቸው ተቀመጥኩ።"

"ከዚያስ?" አልኩት።

ነገረኝ።