በሐዲዱ በኩል ያለው መስኮት

ሰብሐት ወንድሜ፣

ትናንት ልጄ ቅድስት እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሰፈሯ ፉትስክሬይ ወዳለው ላይብረሪ ወሰደችኝ። አንድ ጃፓናዊ ፕሮፌሰር ዕድሜ ልካቸውን ስላጠኑት ስለ አገራቸው ባቡር፣ መንግሥት ስለሚያከራያቸው ቤቶችና ስለ ዘውድ ሲናገሩ እሷ በጆሮዬ ትተረጉምልኝ ነበር። «የንጉሡ ባቡር ሲያልፍ የሐዲዱ ዳር ሰው መስኮቱን እንዲዘጋ ይታዘዝ ነበር» አሉ። «ባንዲራ ያውለበለቡ ብዙ ሰዎች አጫውተውኛል። መስኮት የዘጋሁት እኔ ነኝ ያለኝ ግን በአርባ ዓመት አንድም አላገኘሁም።»

ላብ አጠመቀኝ። እኛም ዘንድ ጃንሆይ በባቡር ድሬዳዋ የገቡ ዕለት እንዲሁ ታዞ ነበር፤ አንተ ከተማሪዎች ጋር ባንዲራ ይዘህ ተሰልፈህ ነበር። ምድር ባቡር ሰፈር የእናትህን መስኮት ከውጭ የቀረቀርኩት እኔ ነኝ። ደረታቸው ታፍኖ «ኧረ ትንሽ አየር፣ ልጄ» ይሉኝ ነበር። የምድር ባቡር አለቃዬ አዞኛል፣ ፈራሁ። ባቡሩ አልፎ ስከፍተው ሞተው አገኘኋቸው። ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ «ቀናቸው ደርሶ ነው» ስትል አብሬህ ራሴን እነቀንቃለሁ።

አዳራሹ ውስጥም እጄን አላወጣሁም። ቅድስት «አባዬ ምን ሆንክ?» ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት። ይህን ፖስት ካርድ ፖስተኛው ቢያነበውም ያንብበው።

ቦታው አለቀ። ባለቤትህን የሺሀረግንና ልጆቹን ሳምልኝ። አገር ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምመጣው አንተ ደጅ ነው፤ ባትከፍትልኝም አልቀየምህም።

ይርጋ