የእማዬ ጓዝና የሚካኤል ጽዋ

ጥቅምት 14፣ ጧት 2 ሰዓት

እሺ አለች! እማዬ እሺ አለች! እንዴት አደርሽ ሳልልሽ ጀመርኩ፣ ደብተሬ፣ ይቅር በይኝ። ሱቁን ገና አልከፈትኩም። ደንበኛ በር ላይ ያንኳኳል። ያንኳኳ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ንፋስ መውጫ፣ ከቤ/ክ አጥር ሥር፣ ምእመናኑ ተረዳድተው የአረጋውያን መጦሪያ ሠርተዋል። ለእያንዳንዱ የየራሱ ክፍል። የሚያበስልላቸው አለ፣ ሲያማቸው አብራቸው የምታድር ሴት አለች። ከእኔ ቤት ጀርባ ነው፣ ብጣራ ይሰማል። እማዬ ደግሞ ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ብቻዋን። አምና ክረምት ከምንጭ ስትመለስ ወድቃ ዳሌዋን ካመማት ወዲህ እኔ እንቅልፍ የለኝም። እኔ ቤት ነይ ስላት፣ በልጄ ቤት እንግዳ ሆኜ አልከርምም ትላለች። ወንድሜ ዳኛቸው ከእሷ ጋር አጥር ለአጥር ነው፣ እሱም ዘንድ አልገባችም።

ትናንት በስልክ የመጦሪያውን ነገር አነሳሁ። እየፈራሁ። የኪዳኑ ደወል ከአልጋሽ ይሰማል አልኳት። እሷም፦

«የራሴ በር አለኝ?»

አለሽ።

«ቁልፍስ አለው?»

አለው።

«እንግዲያው እሄዳለሁ።»

በቃ! ዓመት ሙሉ የለመንኩት በቁልፍ አለቀ።

ዳኛቸው ደውሎ ተቆጣ። ልጆች እያሉላት መጦሪያ ገባች ሲባል አገሩ ምን ይላል አለ። አገሩ መጥቶ ውኃ ይቅዳላት አልኩት። ዘጋብኝ። ይዝጋ። የዛሬን ደስታ ማንም አይነጥቀኝም።

ጥቅምት 17፣ እማዬ ቤት

እስከ አርብ ገበያ በሚኒባስ፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር። ጉልበቴ አለቀ፣ አፌ አላለቀም።

ዕቃ ማውጣት ጀመርን። አይ ዕቃ! ክፍሏ የምትችለው የጠፍር አልጋዋንና አንድ ሣጥን ነው። እማዬ ግን ወፍጮዬን ትላለች። የድንጋዩን ወፍጮ! ከመጦሪያው ፊት ለፊት የሞተር ወፍጮ አለ ብላት፣ ሞተር ሲበላሽ ታዩታላችሁ አለች። በስንት ልመና ለምራቷ፣ ለዳኛቸው ሚስት፣ ተወችው። ጎታውማ ጭራሽ አይወጣም፤ እቤት ውስጥ የተመረገ ነው፣ ከበሩ ይሰፋል። እሱም ለምራቷ።

ጋኖቿን ለጎረቤት ሰጠች። ስትሰጥ ብታዪያት! አንዱን መርቃ፣ ወዲያው ትዕዛዝ። በወይራ ሳታጥኚ እንዳትጠነስሺበት። አፉን ክፍት እንዳታሳድሪ። ስጦታ ይሁን አደራ አልገባኝም። ተቀባይዋ እጅ ነስታ ሄደች።

ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ባዶ የቀረውን ቦታ ጠረገችና ቁጭ አለች። እኔ ነኝ ከቤቱ ጓሮ ሄጄ በነጠላዬ አፍንጫዬን ስጠርግ የተገኘሁ። አየችኝ።

«የምሄደው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ሣቄ መጣ። ከእንባው ጋር።

ጥቅምት 18፣ ከቀትር በኋላ

ጉድ ፈላ። አልሄድም አለች።

ጽዋው! እንዴት ረሳሁት? እማዬ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት። ሴቶቹ በየወሩ በ12 በየተራ ይደግሳሉ። ድግሱ ሲያበቃ ጽዋው በጨርቅ ተጠቅልሎ ለቀጣይዋ ተረኛ ይሰጣል፣ ወሩን እቤቷ ያድራል። ባለፈው ሚካኤል የተቀበለችው ማን ሆነችና? እማዬ! ይኸው ከራስጌዋ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትንሽ ሙዳይ ተንጠልጥሏል። ድግሱ ደግሞ ተራ ወር አይደለም፣ ኅዳር ሚካኤል ነው፣ ትልቁ።

ተቀብሎ ሳይደግሱ መመለስ አይታሰብም። ደግሼ እመጣለሁ ትላለች። መጦሪያው ግን እስከ ወር መጨረሻ ካልገባች ክፍሉን ወረፋ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። ደግሞስ በምን ዳሌዋ ነው የምትጠነስስ? በየትኛው ጋን? ትናንት ሰጥታ ጨርሳ! ይህን ስላት እንዝርቷን ታሾራለች።

ለመጦሪያው አለቃ፣ ለአባ፣ ደወልኩላቸው። እባክዎ አባቴ፣ እዚያው ክፍሏ ትደግስ? በትሕትና እንቢ አሉኝ። ጠላ እግቢው አይጠነሰስም፣ ሕመምተኞች አሉ። ልክ ናቸው። ዶሮዋን ግን ይዛ ትምጣ አሉ። ስለ ዶሮዋ ማን ጠየቃቸው? የእማዬ ዶሮ ጩኸት በስልኩ ተሰምቷቸው ነው።

ልትቀርብኝ ነው።

ጥቅምት 21፣ ማታ

እየሣቅኩ ነው የምጽፍልሽ።

ዛሬ ማርያም ናት፣ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ እማዬን ሊጠይቁ መጡ። ፊት ፊት የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያቸው፣ እትዬ አለምነሽ። ቤቱ ሞላ። እኔ ተስፋ ሳልቆርጥ አልጋውን ስፈታ ስለነበር ነጠላዬን አገልድሜ ወገቤ ላይ አስሬያለሁ። እማዬ መደቧ ላይ ሆና፦

«ጥሩዬ፣ እስቲ ያንን ሙዳይ አውርጂልኝ። ጽዋውን አቧራ ነክቶት እንደሆን ልየው።»

እሺ ብዬ አወረድኩ። በሁለት እጄ ያዝኩት። ጽዋ ነውና ሳምኩት። ማን ሳይስም ይይዛል?

እልልልል! ቤቱ ተናወጠ። እትዬ አለምነሽ ብድግ ብለው፦

«ተቀበለች! ታጥቃ፣ ስማ ተቀበለች!»

ኧረ እኔ ለአቧራው ነው እላለሁ። ማን ይሰማኛል።

«ለአቧራ ወገቡን የሚታጠቅ አይቼ አላውቅም» አሉ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ።

ልማዱን አውቀዋለሁ። በማኅበርተኛ ፊት ታጥቆ፣ በሁለት እጅ ስሞ የያዘ ተራውን ተቀብሏል። መመለሻ የለውም። እኔ፣ ሱቅ ነው እያልኩ ከማኅበር ሁሉ ስሸሽ የኖርኩት፣ የኅዳር ሚካኤል ደጋሽ!

እማዬን አየኋት። ጣራውን ታያለች። «እኔ ምን አጠፋሁ? አውርጂ አልኩ እንጂ።» ከንፈሯ ግን አላስችል ብሏት ይንቀጠቀጣል። ጋኖቹን ቀድማ የሰጠችው ለካ አስባበት ኖሯል!

እኔ እኮ ን/መውጫ ነኝ፣ እናንተ እዚህ አልኩ። ይህ የመጨረሻ ምሽጌ ነበር።

«አይሱዙ ለእህል ብቻ ነው የተሠራ? እኛም እንጫናለን» አሉ እትዬ አለምነሽ።

በር ላይ ዳኛቸው ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል። ፊቱን አጥቁሮ ገባና እማዬ እግር ሥር ተቀመጠ። ደብቀሽኝ፣ እኔንም ትተሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ነው የተቆጣሁ አላት፣ ቀስ ብሎ። ራሱን ዳበሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ የብቅሉ ገብስ ከእኔ አለ። ጌሾውም። ይህ የእሱ ይቅርታ ነው፣ ሌላ አትጠብቂ።

እማዬ የመሄጃ ቀኗን ራሷ ቆረጠች። ሰኞ።

ጥቅምት 26፣ ን/መውጫ

ገባች!!!

እስከ አርብ ገበያ በዳኛቸው በቅሎ፣ ከዚያ በመኪና፣ ከመናኸሪያ በባጃጅ። የባጃጁ ሹፌር እማማ ዶሮዋን ይያዙ ቢላት፣ አንተ መሪህን ያዝ አለችው።

የዚያ ሁሉ ዘመን ቤት፣ አሁን አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ የሚነጠፍ የቆዳ ጅንዲ፣ እንዝርትና ዶሮ። ያሳዝነኛል ብዬ ነበር። አላሳዘነኝም። አባ ቁልፉን በእጇ ሰጧት። ቆለፈች፣ ከፈተች። እንደገና ቆለፈች፣ ከፈተች። አንገቷ ላይ ከማተቧ አጠገብ አሰረችው። ከዚያ እኔንና ዳኛቸውን ከደጅ አቁማ በሩን ዘጋችና ከውስጥ ጮኸች፦

«በሉ አሁን አንኳኩ!»

አንኳኳን።

«ማን ልበል?»

ዳኛቸው ሣቀና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ኅዳር 1፣ ጧት

የኪዳን ደወል። እማዬ ቀድማኝ ቤ/ክ ደርሳለች፣ በምርኩዝ፣ ከአዲሷ ጎረቤቷ ጋር እየተከራከረች። ወዳጅ አገኘች ማለት ነው።

ጥንስሱ እኔ ቤት ተጀምሯል። ጋን ተውሼ ነው። እማዬ በአጥሩ በኩል ታዘኛለች፦ አጥነሽዋል? ክደኚው! ቀምሰሽዋል? ለጉዝጓዝ ያመጣሁትን ጠጅ ሣር ስታይ ደግሞ ይቺ አሮጌ ናት ትላለች። ጽዋው ከራስጌዬ በላይ ተሰቅሏል። ሳልፍ ሳገድም እጅ እነሳለሁ። ሱቅ ዘጋሁ፣ ደንበኛውን ሁሉ ጠራሁ፣ ያ በር የሚያንኳኳውንም። አባም ከግቢው ውጭ ከሆነ እመርቃለሁ ብለዋል፣ አረጋውያኑን ይዘው ይመጣሉ። ማኅበርተኞቹን ለሚያመጣው አይሱዙ ተነጋግረን ጨርሰናል።

ስለዚህ፣ ደብተሬ፣ አንቺም ምስክር ሁኚ፣ ያልሰማ እንዳይኖር። ከቅዳሴ በኋላ፣ እኔ ቤት፣ ከመጦሪያው አጥር ጀርባ። የታመመ በሰው ተደግፎ፣ የተቀየመ ታርቆ፣ ሁሉም ይምጣ። ኅዳር 12፣ በሚካኤል!