ምራቂ አይመለስም

ሊማ፣ አርብ፣ ማርች 15 ቀን 2019

ለምወድሽ ልጄ ለኔሊዳ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? የቫሌንሲያ ብርድ ለቀቀሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን። በስልክ ስትደውዪ «ደህና ነን» ብቻ ብዬ የምዘጋው እናትሽ አጠገቤ ሆና ስለምታዳምጥ ነው። አሁን ተኝታለች፤ እውነቱን ልጻፍልሽ።

እናትሽ እህል እምቢ ካለች ሰንብታለች። መድኃኒቱ አፏን አመረረው። ሾርባ ሳቀርብላት በማንኪያ ታማስል ታማስልና «ቀዝቅዟል» ብላ ትመልሰዋለች። ሐኪሟ ባለፈው ሳምንት ለብቻዬ ጠርታ «ሐሙስ ስትመጡ መብላት ካልጀመረች መድኃኒቱን እናቆማለን፤ ሰውነቷ አይችለውም» አለችኝ። ማቆም ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እኔ ደግሞ ሹፌር ነኝ እንጂ ወጥ ሠሪ አይደለሁም። ያለችኝ የዕረፍት ቀኔ ናት። በቃ፣ ድሮ ወደምትወዳቸው ምግብ ቤቶች ሁሉ ልውሰዳት፣ አንዱ ጋ ሆዷ ይከፈት ይሆናል አልኩ። ግን ዕረፍቴ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ሴቪቼ፣ በሎሚ የታሸ ጥሬ ዓሣ፣ የሚበላ ደግሞ ወይ እንግዳ ነው ወይ ሞኝ፣ እሁድ ጀልባ አይወጣምና። አለቃዬን ደጅ ጠንቼ ወደ ረቡዕ አዞርኩት።

ረቡዕ ዕለት አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ ወጣች። ቀሚሱ ሰፍቷታል። መጀመሪያ ጋሽ ኦክታቪዮ ሴቪቼ ቤት ገባን። ገና ሲያያት የሚከትፈውን ሽንኩርት ጥሎ መጥቶ አቀፋት። ሁለት ሳህን አዘዝኩ። እሷ አንዲት ቁራጭ ዓሣ አፏ ውስጥ አዙራ አዙራ ዋጠችና ሹካዋን አስቀመጠች። «እጅህ ይባረክ ጋሽ ኦክታቪዮ፣ አሁንም የሚያህልህ የለም» አለችውና ሳህኗን ቀስ አድርጋ ወደኔ ገፋችው። ምን ላድርግ? ሰውዬው እንዳይከፋው ሁለቱንም በላሁ። ከዚያ ሩዝና ባቄላ አንድ ላይ ወደሚጠብሱበት ቤት ሄድን። እዚያም ሁለት ሳህን፣ እዚያም ሁለቱንም እኔ።

«አንተ ሰውዬ፣ ታማሚዋ እኔ ነኝ ወይስ አንተ? ቀበቶህ ሊበጠስ ነው እኮ!» ትለኛለች እየሳቀች። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ውስጤ ሐሙስ፣ ሐሙስ ይለኛል።

ገበያው ውስጥ ስንደርስ ለእሷ ማዘዙንም ተውኩት። እትዬ ፊሎሜና ጁስ ቤት በርጩማዎቹ ላይ ተቀመጥንና «አንድ ሉኩማ በወተት፣ ለኔ» አልኩ፣ አሁን የፍሬው ወቅት ነውና፤ ሆዴ እንኳን ጁስ፣ ውሃ አይችልም ነበር። ግማሹን እንደጠጣሁ እትዬ ፊሎሜና መፍጫው ውስጥ የቀረውን ይዛ መጣች፤ እንደ ወጉ ምራቂ ልትጨምርልኝ። ብርጭቆዬን በእጄ ከደንኩት።

«በቃኝ እትዬ ፊሎሜና፣ በማርያም!»

«ምን? እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ምራቂዬን የመለሰ ሰው የለም! ዛሬ አንተ ልትጀምር ነው?» ብላ ተቆጣች፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር።

እናትሽን ታውቂያት የለ? ሰው ሲያፍር ማየት አትችልም። የገዙትን ሳህን መተው ይቻላል፤ ምራቂ ግን የሻጯ ስጦታ ነው፣ የመለሰ ሰው በምን ዓይኑ ተመልሶ ይመጣል? «ተዪው ፊሎሜና፣ ይሄ ሰው ወግ አያውቅም። ለኔ ቅጂው» አለችና ባዶ ብርጭቆ ዘረጋች።

ጠጣችው፣ ኔሊዳ። እስከ ታች ጠጣችው። ላይኛው ከንፈሯ ላይ የጁስ ፂም በቅሎባት «ጣፈጠኝ እኮ» አለች፣ ራሷም ደንግጣ። እኔ ፊቴን ወደ ብርቱካኑ ክምር አዙሬ አለቀስኩ። ይህን እንዳትነግሪያት።

ከዚያማ ማን ይቻላት! እጄን ጎትታ ወደ ጋሽ ኦክታቪዮ መለሰችኝ። ሊዘጋ በሩን አጋምሶታል። «ጋሼ፣ ምራቂዬን ሳትሰጠኝ ሸኘኸኝ አይደል?» አለችው። ነገሩ ባይገባውም እየሳቀ የዓሣውን የሎሚ መረቅ በትንሽ ብርጭቆ ቀዳላት፣ የተቆላ በቆሎም ጨመረላት። ሲመሻሽ ደግሞ የበሬ ልብ ጥብስ ከሚሸጥበት ጋሪ ዘንድ ቆምን። ጥብሱን እኔ ገዛሁ፣ እሷ ምራቂዋን ድንች በቃሪያ እያጠቀሰች በላች። እኔ ሙሉ ሳህን ስታገል፣ እሷ ቀኑን በምራቂ ዋለች። እስካሁን ሆዴ ከበሮ ነው፤ ግን ምን ገዶኝ።

ትናንት ሐኪሟ «እህል ቀመሱ?» ብትላት «ምራቂ ብቻ» ብላ ሁሉንም ተረከችላት። ሐኪሟም የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ከት ብላ ሳቀች። መድኃኒቱ ይቀጥላል። «ለጊዜው» አለች። ለጊዜውም ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ እሱንም አጥቼ ነበር።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናትሽ ትከሻዬን ተደግፋ «አንሴልሞ፣ እኔ ሳህኔን በልቻለሁ። አንተን አገባሁ፣ ልጄን አሳደግኩ። ካሁን ወዲያ የሚቀዳልኝ ምራቂ ነው። ምራቂ ደግሞ አይመለስም» አለችኝ። እጇን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ።

ጋሽ ኦክታቪዮም እትዬ ፊሎሜናም ሰላም ብለውሻል። የተአምራቱ ጌታ በሄድሽበት ይቅደምልሽ፣ ክፉ አይንካሽ፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ለገና እመጣለሁ ማለትሽን ስነግራት እናትሽ «ልጄን እንዳታስቸኩላት፣ ሥራ አላት» ብላኛለች። እኔም ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ አላስቸኩልሽም። ብቻ እትዬ ፊሎሜናን ጠይቄያት ነበር፤ ሉኩማው እስከ ገና አይቆይም ብላለች።

አባትሽ
አንሴልሞ