በኪግሊ መራራ ቢራን የዳኙት የአቶ ዊልፍሬድ ሃርድካስል የሕይወት ታሪክ

አቶ ዊልፍሬድ ሃርድካስል ከአባታቸው ከበርሜል ሠሪው ከአቶ ኧርነስት ሃርድካስልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶሪስ ፒክልስ በዮርክሻየር፣ በኪግሊ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1936 ተወለዱ። እናታቸው መጠጥ በሚከለክል የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ያደጉ ስለነበሩ፣ አቶ ዊልፍሬድ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ቢራ መጥመቂያ ሲቀጠሩ ክፉኛ አዘኑ። ከሥራ ሲመለሱም በር ላይ ጠብቀው ትንፋሻቸውን ያሸቱ ነበር።

አቶ ዊልፍሬድ ከበርሜል አጣቢነት ተነስተው ዋና ጠማቂ ለመሆን በቁ። በ1961 ከወይዘሮ ሺላ ግሪንዉድ ጋር ጋብቻ መሥርተው፣ ይህን የጻፈችውን ጃኔትንና ግራሃምን ወለዱ። ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ በከተማው የእርሻ ትርዒት ድንኳን ውስጥ በሚካሄደው፣ መራራ የሚባለው የእንግሊዝ ቢራ ውድድር ዳኛ ነበሩ። ያለ ጠማቂው ስም በቁጥር ብቻ የቀረበላቸውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስተው ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ከዚያም ተጎንጭተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ብቅሉ ቀድሞ ምሬቱ በእርጋታ ሲከተል ትከሻቸው በእርካታ ዝቅ ይላል። የዚያ ድንኳን የተረገጠ ሣርና የፈሰሰ ቢራ ሽታ ዛሬም ይናፍቀናል።

በ1994 ግራሃም የራሱን መጥመቂያ ከፍቶ ተወዳደረ። የባቡር ጣቢያው መጠጥ ቤት ያሸነፈውን ቢራ ሊሸጥ ቃል ስለገባ፣ ዋንጫው ለእሱ የሞት የሽረት ጉዳይ ነበር። አቶ ዊልፍሬድ አራተኛው ብርጭቆ የልጃቸው መሰላቸውና አዳሉ እንዳይባሉ ነጥብ ቀነሱበት። ስም ሲገለጥ አራተኛው የጎረቤታቸው የአቶ ኖርማን ሰግደን ሆኖ ተገኘ፤ ያሸነፈው ደግሞ ግራሃም ነበር። ጭብጨባው ሳያልቅ አቶ ዊልፍሬድ ተነስተው፣ «አራተኛውን የበደልኩት የልጄ መስሎኝ ነው። ነጥብ ባልቀንስበት አንደኛ ነበር። ዋንጫው የኖርማን ነው» አሉ።

ግራሃም ዋንጫውን አስረክቦ ወጣ፤ የመጠጥ ቤቱም ገበያ አመለጠው። አባቱን ለሦስት ዓመት አኮረፈ። ያስታረቋቸው አቶ ኖርማን ናቸው። ዋንጫውን በብብታቸው ሸጉጠው ወደ ግራሃም ሄዱና፣ «ስማኝ ልጄ፣ አባትህ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ይህ ዕቃ ምን ይረባ ነበር?» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ግራሃም የጠመቀውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያስቀምሰው አባቱን ሆነ። እሳቸውም ምሬቱ ቸኩሏል፣ ቢራው በጣም ቀዝቅዟል፣ ቅቤ ቅቤ ይላል እያሉ ሁሌም አንድ እንከን ያወጡ ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ብርጭቆውን ጨርሰው ዝም አሉ።

ግራሃም ደንግጦ፣ «አባዬ፣ እንከን ካላገኘህበት አሞሃል ማለት ነው» አለና ሆስፒታል ወሰዳቸው። እውነትም ታመው ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2019 በተወለዱ በ82 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

እውነተኛው ዳኛ በምሕረቱ ይቀበላቸው፤ የቀረነውንም ያጽናን። ከቀብር በኋላ ያው በመጨረሻ የቀመሱት የግራሃም ቢራ በባቡር ጣቢያው መጠጥ ቤት ይቀዳል። በዚያ ቀን ዝም ያሉት ታመው ይሁን ቢራው እንከን ስላልነበረው ግራሃም እስከ ዛሬ አላወቀም። እባካችሁ ቀምሳችሁ እውነቱን ንገሩት።