ማሽኑ እስኪጠፋ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ተስማምታችኋል? የጋሼ ሳልስ ለቀቀው? እማማ ዓይኗን ከታከመች በኋላ አጥርታ ታያለች ብለሽኝ ነበር፤ እንግዲህ የሚያጠፋ ሰው ሁሉ ይጠንቀቅ። ልጆቹስ? ድመትሽስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ይህን ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትደክሚ። እኔ ነኝ! በገዛ እጄ! እስከ ዛሬ የጻፈልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነበር። እኔ «ደህና ነኝ በላት» ስለው እሱ «ናፍቆትሽ እንደ ክረምት ጎርፍ ልቤን ጠራርጎ ወሰደው» እያለ ዘርፍና ጥልፍ ይጨምርበታል። ጋሼ አንዱን ሲያነብልሽ «ይሄ ልጅ ታሟል እንዴ?» እንዳለ ነግረሽኛል። እኔስ ደህና ነኝ፤ የታመመው ልብስ ሰፊው ነው። አሁን የማታ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ፣ ደረቴን ነፍቼ እጽፍልሻለሁ። አንደኛ የወጣው በቁመት ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አትስሚያቸው።

ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ልጅህን ላክልኝ፣ አልጋ አዘጋጅቼላታለሁ፤ አንተን ያሳደግኩ እሷን አያቅተኝም» ብለሽኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሳልመልስልሽ የቆየሁት ንቄሽ አይደለም። መልሱን እኔም ስላላወቅኩት ነው።

እንደምታውቂው እናቷ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገና ጎህ ሳይቀድ ትገባለች፤ እኔ ደግሞ ብየዳ ቤት ነኝ። ስለዚህ ልጅቷ መራመድ ከጀመረች አንስቶ ውሎዋ ከኔ ጋር ነው። የሥራ ጓደኞቼ «ፍንጣሪ» ብለው ስም አወጡላት፤ ብረት ሲቆረጥ እንደሚፈናጠረው እሳት አንድ ቦታ አትረጋምና። ባለፈው ወር ታዲያ እውነተኛው ፍንጣሪ መጥቶ የቀሚሷን ጫፍ አቃጠለው። እሷን አልነካትም፤ የአለቃዬ ፊት ግን አመድ መሰለ። «ወንድሜ፣ ትምህርት ሲከፈት ይህቺን ልጅ እዚህ እንዳላያት። ዓይኗ ቢሆንስ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁለት ሆነ፤ ወይ የሰፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ይቀበላታል፣ ወይ ጓዟን አስሬ ወዳንቺ እልካታለሁ።

እዚህ ላይ የብየዳ ቤታችንን አንድ ሥርዓት ልንገርሽ። የብረት መቁረጫው ማሽን ሲነሳ እንኳን የሰው ድምፅ መድፍም አይሰማም። ስለዚህ ቃል ያለው ሰው መዳፉን ዘርግቶ ወደ ላይ ያነሳል። «ማሽኑን አጥፉልኝ፣ የምናገረው አለኝ» ማለት ነው። እስኪጠፋ ድረስ አፉን አይከፍትም፤ ቢከፍትም ትርፉ ጉሮሮ ማድረቅ ነው። ፍንጣሪ «አባባ» ማለትን ከቻለች በኋላ ቀጥላ የተማረችው ይህንኑ ነው።

ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ ነበር። ለምን እስከዚያ ቆየህ ትይኝ ይሆናል፤ ሳዘጋጃት ነበራ! ስሟን፣ የእናቷን ስም፣ የቤታችንን አቅጣጫ፣ ቀለማትን ሁሉ አስጠናኋት። ቡናማውን ግን «አንቲረስት» ከማለት የሚመልሳት ጠፋ፤ ብረት እንዳይዝግ የምንቀባው ቀለም ስለሆነ ሌላ ስም ያለው አይመስላትም። ከልብስ ሰፊው ኮት ተዋስኩ። የማደርገውን ንግግር እንኳ መንገድ ለመንገድ እያልኩ ተለማመድኩ።

የመዋዕለ ሕፃናቱ ጽሕፈት ቤት ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሥዕል የተለጠፈበት ግድግዳ፣ ለሕፃናት የተሠሩ ወንበሮች። ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ እኔም አንዷ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። ርዕሰ መምህርቷ መነጽር ያደረጉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። «ቅጹን ልሙላልዎት?» ሲሉኝ «ኧረ እኔው!» ብዬ ከእጃቸው ነጠቅኩ። የእጅ ጽሕፈቴ ወፍራም ስለሆነ የልጅቷ ስም ከሳጥኑ አልፎ ጎረቤት ሳጥን ገባ። እሳቸውም አይተው «በያጅ ነዎት መሰለኝ፣ አያያዟቸው» አሉኝ።

ከዚያ ወደ ፍንጣሪ ዞረው «የኔ ቆንጆ፣ ስምሽ ማነው?» አሏት። እኔ ቀደምኩ። «ከማን ጋር ትጫወቻለሽ?» አሏት። እሱንም መለስኩ። «ምን ትወጃለሽ?» ሲሏት የምትወደውን ተናግሬ፣ የምትጠላውን ጨምሬ፣ የመጀመሪያ ጥርሷ እንዴት እንደበቀለ መረቅኩላቸው። እትዬ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም! ፍንጣሪ ግን መዳፏን ዘርግታ አንስታ ዝም። አይቻታለሁ። በዚያች ጸጥ ያለች ክፍል የብየዳ ቤቱ ምልክት ከየት ትዝ ይለኛል? ሰላምታ መስሎኝ «ጎበዝ!» ብያት ወሬዬን ቀጠልኩ።

የርዕሰ መምህርቷ ፊት ከበድ እያለ መጣ። «አባት፣ ልጅቷ ትናገራለች?» አሉኝ። «ምን ማለትዎ ነው! አፏ ሥራ አይፈታም!» አልኳቸው። «እንግዲያው ከራሷ አንድ ቃል ልስማ። መናገር የሚያስቸግራት ከሆነ የሚረዳት መምህር ያለበት ሌላ ትምህርት ቤት አለ፤ እኛ ጋ የለም» አሉ። ያ ትምህርት ቤት የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ እሷን እዚያ አድርሶ ሥራ መግባት ለኔም ለእናቷም የማይሆን ነገር ነው። መፍትሔ የመሰለኝንም አደረግኩ፤ ድምፄን ጨመርኩ። እሳቸውም በትሕትና «እባክዎ እርስዎ ደጅ ይጠብቁን» ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

አግዳሚው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ዘበኛው ጠጋ ብሎ «ወንድም፣ ድምፅህ እስከ አጥሩ በር ይሰማል። ለመሆኑ የምትመዘገበው አንተ ነህ ወይስ ልጅቷ?» አለኝ። እኔ ግን ያዘጋጀሽላት አልጋ ታወሰኝ። ቀጥሎ የኛ ክፍል ታየችኝ፤ በሩ ሥር ትንንሾቹ ጫማዎች የሉም፣ እናቷ ደክሟት ስትገባ የሚሮጥላት የለም። እትዬ፣ ካንቺ እጅ የተሻለ እጅ እንደሌለ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? እማማ ለሥራ ርቃ በሄደችባቸው ዓመታት አንዳች ሳታጎድይብኝ ነው ያሳደግሽኝ። ሆኖም አመሻሽ ላይ ደጅ ወጥቼ እማማ የሄደችበትን መንገድ ሳይ አንቺ ከኋላዬ መጥተሽ ምንም ሳትይ ትቆሚ እንደነበር አልረሳሁም። ልጄ መንገድ እያየች እንድታድግ አልፈለግኩም። ይኸው ነው።

መጠበቁ ሲያቅተኝ በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ፍንጣሪ መዳፏን አውርዳለች፤ አፏ እንደ ልብስ ሰፊው መኪና ይሠራል! ርዕሰ መምህርቷ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ጠርተውኝ ስገባ «እስካሁን ለምን ዝም እንዳለች ብጠይቃት ማሽኑ እስኪጠፋ እየጠበቅኩ ነበር አለችኝ» አሉኝ። «የምን ማሽን? እዚህ ቤት እንኳን ማሽን የግድግዳ ሰዓትም የለ!» ብዬ ግራ ቀኝ ፈለግኩ። ሁለቱም እኔን ያዩኛሉ። ያኔ ገባኝ።

እትዬ፣ ሳቅሽ እስከዚህ ተሰማኝ። በቃሽ።

ተመዘገበች! ግድግዳው ላይ ያለውን ቡናማ ዛፍ «አንቲረስት ተቀብቷል፣ አይዝግም» ብላ አስረድታቸው ኖሮ፣ ርዕሰ መምህርቷ «ይህቺን ልጅ ለማንም አንሰጥም» አሉ። እናቷ ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ «አንተን ወደ ደጅ ያስወጡ ሴትዮ እጃቸው ይባረክ» አለች። ምስጋናዬ ይኸው ሆነ።

አሁን ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። መምህሯ ምልክቷን ወደዱላት፤ ክፍሉ ሲንጫጫ መዳፋቸውን ያነሳሉ፣ ሕፃናቱም እያነሱ ጸጥ ይላሉ። ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ስለ ልጄ ብልህነት ለዘበኛው ሳብራራለት፣ ተሰልፈው የሚገቡት ሕፃናት በሙሉ መዳፋቸውን አነሱብኝ። እኔ ዘወር ስል ዘበኛውም አንስቷል።

ስለዚህ እትዬ፣ አልጋውን አታፍርሺው፤ ግን ለእንግዳ ይሁን። ትምህርት ሲዘጋ ሦስታችንም እንመጣለን። እንዳትቀየሚኝ። ልጅን አጠገብ አድርጎ ማሳደግን የተማርኩት ካንቺ ነው።

እማማን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ትልቁን ልጅሽን በርታልኝ በይው። ከመንትዮቹ አንዷን ሁለት ጊዜ ስመሽ ሌላዋን እንዳትረሺ። ጋሼ፣ ይህን የምታነብላት አንተ ነህና ቀልዱ ላይ አትቸኩል፤ ለፍቼበታለሁ። የፍንጣሪ እናት ሁላችሁንም በናፍቆት ሰላም ትላለች። ልብስ ሰፊውም ሰላምታ ልኳል፤ ከነጥልፉ ስለነበረ አሳጥሬዋለሁ።

ስጽፍ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ ነው፤ ካልሆነ ፊደሉ ይጠፋብኛል። ይኸው አጠገቤ ፍንጣሪ መዳፏን አንስታለች። ቆይ ዝም ልበል።

«ለአክስቴ ንገራት» ትላለች፤ «ድመቷ አልጋዬ ላይ ትተኛ። እኔ ስመጣ ጠጋ ትልልኛለች።»

ወንድምሽ
ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍላችን
እሑድ ከሰዓት፣ መስከረም 20 ቀን